ምዕራፍ 7፦ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ

የስብእና ሳይኮሎጂ ኮርስ ስለ ሰው ምን ያስተምራል?

(በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ለ39 ተማሪዎቹ አንድ መጠይቅ አስሞላ። መልሳቸውን አጥንቶ የእያንዳንዳቸውን ስብእና በጽሑፍ እንደሚሰጣቸው ነገራቸው። ከሳምንት በኋላ በየስማቸው የተዘጋጀ ወረቀት አደላቸውና ጽሑፉ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቀ። አማካዩ 4.26 ሆነ። ተማሪዎቹ መምህራቸው ውስጣቸውን ገብቶ ያየ መሰላቸው።

ፎረር የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ አነበበና ተመሳሳይ ነገር የደረሰው እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። በክፍሉ ያለ እጅ ሁሉ ወጣ፤ ሳቅም ሆነ። ለ39ኙም የተሰጠው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነበር። 13 ዓረፍተ ነገሮች ነበሩት፤ ፎረር አብዛኞቹን የቀዳቸው ከጋዜጣ መሸጫ ከገዛው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

እስቲ አንባቢ ራስዎን ይፈትኑ። «ከውጭ ለሚያይዎ የተረጋጉ ነዎት፤ ውስጥዎ ግን ብዙ ጊዜ ይብሰለሰላል። ገና ያልተጠቀሙበት ችሎታ አለዎት። ጨዋታ የሚወዱበት ቀን አለ፤ ብቻዎን መሆን የሚሹበት ቀንም አለ።» ይህን የሰማ ሰው «እንዴት አወቀብኝ!» ይላል። ጎረቤቱም ቢሰማ እንደዚያው ይላል። በእኛ አገር የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ቁጥር ደምሮ፣ በ12 ገድፎ ኮከብ የማውጣት የቆየ ልማድ አለ። «ኮከቤ ቁልጭ አድርጎ ይገልጸኛል» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፦ የሌላ ሰው ኮከብ ያንተ ነው ተብሎ ቢነበብልህስ፣ አይገልጸኝም ትል ነበር?

በፎረር ወረቀት ላይ ውሸት አልነበረም። እውነቱ ግን የሁሉም ሰው እውነት ነበር። ስለ አንድ ሰው የተነገረ ነገር ዋጋ የሚያገኘው ያንን ሰው ከጎረቤቱ መለየት ሲችል ነው። ብዙ መምህራን የስብእና ሳይኮሎጂን በዚህ ሙከራ የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ተማሪው ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ልክ ነው» ብሎ ከመደሰቱ በፊት «ከማን ይለየኛል?» ብሎ መጠየቅን ይለምዳል።

እኔ ይህን ኮርስ ስመዘገብ ሰው ማንበብ የምማር መስሎኝ ነበር። የዶርም ጓደኞቼም ከዚያ ወዲያ እኔ ፊት መቀመጥ እንደፈሩ ይነግሩኝ ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያገኘሁት ሌላ ነገር ሆነ፦ ስለ ሰው ስናገር ቃሌ ዘገየ። ዛሬ ኮርሱን ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁሉንም ንድፈ ሐሳብ ቢረሱ እንኳ ይህቺ መዘግየት እንድትቀርላቸው እመኛለሁ።

ቃሉ ራሱ

ስብእና የሚለው ቃል «ሰብእ» ከሚለው የግእዝ ቃል የመጣ ነው፤ ሰው መሆን እንደማለት ነው። አውሮፓውያን የሚጠቀሙበት ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን፣ ትርጉሙ ተዋንያን ፊታቸው ላይ የሚያደርጉት ጭምብል ነበር። እነሱ ሌላው ከሚያየው ፊት ተነሥተዋል፤ እኛ ከሰውነቱ።

በዕለት ንግግራችን ግን ስብእና የሙገሳ ቃል ነው። «ስብእና ያለው ሰው» ስንል እያመሰገንን፣ «ስብእና የሌለው» ስንል እየሰደብን ነው። በኮርሱ ውስጥ ስብእና የሌለው ሰው የለም። ቀማኛውም ቅዱሱም አላቸው። ስብእና ማለት አንድ ሰው በጊዜ ብዛት ሳይለቀው የሚኖር የአስተሳሰብ፣ የስሜትና የአድራጎት መልክ ነው። ሳይኮሎጂስቱ ጎርደን ኦልፖርት በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልዩነት አጥብቆ አስቀምጧል፦ በሰው ጠባይ ላይ ፍርድ ስንጨምርበት የምግባር ጉዳይ ይሆናል፤ ፍርዱን ስናነሣለት ስብእና ይሆናል።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ብዙ ቃል አለው። ባሕርይ ስንል ከሥር የመጣውን፣ በቀላሉ የማይነቀለውን ማለታችን ነው። ጠባይ በአድራጎት የሚታየው ነው። አመል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ነው፤ «አመል ያወጣል ከመሐል» የምንለው ለዚህ ነው። ሆኖም አበው አመል ሊያዝ እንደሚችልም ያውቁ ነበር፤ መንገደኛውን «አመልህን በጉያ፣ ስንቅህን በአህያ» ብለው ይመክሩታል። በዚህች አጭር ምክር ውስጥ የኮርሱ ትልቅ ጥያቄ አለ፦ በጉያ የተያዘ አመል የት ይሄዳል? ሰውዬውስ የትኛው ነው፣ የሚታየው ወይስ የያዘው?

ኦልፖርት በ1920 ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ ቪየና ላይ ሲግመንድ ፍሮይድን ሊጎበኝ ሄዶ ነበር። ፍሮይድ ዝም ብሎ ሲመለከተው ጊዜ ወጣቱ የሚለው ቢያጣ በትራም ላይ ያየውን ሕፃን አነሣ። ልጁ አራት ዓመት ይሆነዋል፤ ቆሻሻ እንዳይነካው እጅግ ይፈራል፤ እናቱም ልብሷ በስታርች የደረቀ፣ ጥብቅ ሴት ትመስላለች። ፍሮይድ ሰምቶ ሲያበቃ ያ ልጅ አንተ ነበርክ ወይ ብሎ ጠየቀው። ኦልፖርት ደነገጠ። ከዚያች ቀን የያዘው ትምህርት ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖረ፦ ወደ ጥልቁ ከመውረዳችን በፊት ላይ ላዩን የሚታየውን በደንብ እንመልከት፤ ሰውየውን ራሱን እንጠይቀው።

የኮርሱ የመጀመሪያ ሳምንታት ብዙ ጊዜ የፍሮይድ፣ የዩንግና የአድለር ናቸው። ሰው ራሱን በሙሉ እንደማያውቅ፣ ልጅነት በአዋቂነት ላይ ጥላ እንደሚጥል አስተምረውናል። ከትምህርታቸው ብዙው ግን በመረጃ ሊፈተን የማይችል ነበር። ስለዚህ ኮርሱ ያመሰግናቸውና ወደ ኦልፖርት መንገድ ያልፋል።

መዝገበ ቃላት ያገላበጡት

የኦልፖርት መንገድ የጀመረው ከመዝገበ ቃላት ነው። ሐሳቡን በ1884 ያነሣው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነበር። ሰዎች አብረው ሲኖሩ አንዱን ከሌላው መለየት ግድ ይሆንባቸዋል፦ ማንን ላበድር? ከማን ጋር ልዝመት? ልጄን ለማን ልዳር? ዋነኛ የሆኑት የሰው ልዩነቶች በዘመናት ብዛት ቃል ይወጣላቸዋል። እንግዲያው ቋንቋው ራሱ ትልቅ የመረጃ ጎተራ ነው።

ኦልፖርትና ባልደረባው ኦድበርት በ1936 አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ፈትሸው ሰውን ከሰው የሚለዩ 17,953 ቃላት ለቀሙ። ከእነዚህ ውስጥ 4,504ቱ የሚዘልቅ ጠባይን የሚገልጹ ሆነው ተገኙ። ሬይመንድ ካቴል ዝርዝሩን አጠበበና ሰዎችን በቃላቱ አስመዘነ፤ በ1949 በ16 መለኪያዎች የተደራጀ መጠይቁን አወጣ። በ1961 ለአሜሪካ አየር ኃይል ይሠሩ የነበሩት ቱፕስና ክሪስታል የተለያዩ መረጃዎችን እንደገና ሲመረምሩ ቃላቱ ደጋግመው ወደ አምስት ክምር ሲገቡ አዩ። ሉዊስ ጎልድበርግ ከ20 ዓመት በኋላ «ትልልቆቹ አምስት» ብሎ ስም ሰጣቸው፤ ኮስታና ማክሬ ደግሞ በመላው ዓለም የታወቀ መጠይቅ ሠሩላቸው።

አምስቱ እነዚህ ናቸው። አንደኛው ተጫዋችነት ነው፤ ከሰው መሐል ኃይል የሚያገኘውን ዝምታ ከሚመርጠው ይለያል። ሁለተኛው ለሰው መራራትና መስማማት ነው። ሦስተኛው ትጋትና ጥንቃቄ ነው፤ ቀጠሮ የሚያከብረውን፣ የጀመረውን የሚጨርሰውን ሰው ያሳያል። አራተኛው የስጋትና የመረበሽ ዝንባሌ ነው። አምስተኛው ለአዲስ ሐሳብ፣ ለጥበብ፣ ላልተለመደ ነገር ልብን መክፈት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። እነዚህ አምስቱ እንደ ቁመት እንጂ እንደ ደም ዓይነት አይደሉም። ሰው «ኦ» ወይም «ኤ» እንደሚባለው «ተጫዋች» ወይም «ዝምተኛ» ተብሎ በሁለት ሳጥን አይከፈልም። በጣም ረጅምና በጣም አጭር ሰው ጥቂት እንደሆነ ሁሉ በጣም ተጫዋችና በጣም ዝምተኛ ሰውም ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ መሐል ላይ ነው። በሥልጠና አዳራሾች ተወዳጅ የሆኑት ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍሉ ፈተናዎች ችግራቸው ይኸው ነው። መሐሉ ላይ የቆመውን ሰው ገፍተው ወደ አንዱ ሳጥን ያስገቡታል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ሲፈተን ብዙ ጊዜ ሌላኛው ሳጥን ውስጥ ይገኛል።

ሆድ፣ ልብ፣ ዓይን

ተማሪዎቼን በየዓመቱ አንድ ሥራ አሠራቸዋለሁ፦ ሰውን የሚገልጹ የአማርኛ ቃላት ልቀሙ። ግልፍተኛ፣ ታታሪ፣ ቂመኛ፣ ጨዋ፣ ችኩል፣ ነገረኛ፣ ዝምተኛ፣ እልኸኛ… ሰሌዳው ይሞላል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ተማሪ የሚያየው ነገር አለ፦ ከቃሎቻችን ብዙዎቹ አካል አላቸው። ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ። ልበ ቀና፣ ልበ ደንዳና፣ ልበ ሙሉ፣ ልበ ቢስ። ዓይነ አፋር፣ ዓይን አውጣ። አፈ ቅቤ፣ ምላሰኛ። እጀ ሰፊ። አማርኛ ስብእናን ያስቀመጠው በሰው ገላ ላይ ነው፤ ምሥጢሩን ደግሞ በሆድ። «የወፍ ወንዱ፣ የሰው ሆዱ አይታወቅም» የተባለው በከንቱ አይደለም።

ከዚያ ቃላቱን ወደ አምስቱ ክምር እናስገባለን። ዓይነ አፋር ያለ ችግር ከተጫዋችነት ክምር ዝቅተኛው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ታታሪ ከትጋት ጋር ትሄዳለች። ሆደ ባሻ፣ ቶሎ የሚከፋው፣ ከመረበሽ ክምር ነው። ሆደ ሰፊ ላይ ስንደርስ ግን ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ሆደ ሰፊ ሰው ይራራል፣ ይቅር ይላል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ክምር ነው የሚሉ አሉ። ሆደ ሰፊ ሰው አይደነግጥም፣ የሰማውን ይዞ ያድራል፤ ስለዚህ የአራተኛው ክምር ተቃራኒ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቃሉ ሁለት ክምር ላይ ተንተርሶ ይቀመጣል።

ይሉኝታስ? እዚያ ላይ ሰሌዳው ፊት ረጅም ዝምታ ይሆናል። ይሉኝታ ያለው ሰው የሚጠነቀቀው «ምን ይሉኛል?» ብሎ ነው። ዓይነ አፋርነት አይደለም፤ ደፋርም ይሉኝታ ሊይዘው ይችላል። ርኅራኄም አይደለም። በሰውየውና በሰፈሩ መካከል ያለ ክር ነው። አምስቱ ክምሮች ይህን ክር የሚያስቀምጡበት የራሱ ቦታ የላቸውም።

ይህ የእኛ ክፍል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሳይንሱ ራሱ በዚህ ጥያቄ ላይ እየሠራ ነው። በ2007 በታተመ፣ 56 አገሮችን ባካተተ ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያም ነበረችበት፤ አምስቱ መልኮች በብዙ አገሮች ቢታዩም በአፍሪካ አገሮች የመጠይቁ አስተማማኝነት ዝቅ ብሏል። በ2013 ደግሞ በቦሊቪያ ጫካ በእርሻና በአደን የሚኖሩ 632 የቺማኔ ሕዝብ አባላት ሲጠየቁ አምስቱ ክምሮች አልወጡም፤ የወጡት ለሰው መልካም መሆንና ታታሪነት የሚመስሉ ሁለት ሰፋፊ ክምሮች ነበሩ። አሽተንና ሊ የተባሉት ተመራማሪዎችም ኮሪያኛን ጨምሮ የተለያዩ ቋንቋዎችን መዝገበ ቃላት ከፈተሹ በኋላ ስድስተኛ ክምር አክለዋል፦ ሐቀኝነትና ትሕትና። ልበ ቀና የሚለው ቃላችን ማረፊያ ያገኘው እዚያ ነው።

ተማሪ ይህን ሲረዳ በትምህርቱ ላይ ባለቤት ይሆናል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዷቸው ኮርሶች አንዱ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ነው፤ ስብእናም አንድ ምዕራፍ ሆኖ ይሰጣል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ከሀንድአውቱ የአምስቱን ስም ይሸመድዳል፣ ፋይናል ላይ ይጽፋል፣ ከዚያም ይረሳል። አያቱ ስለ ጎረቤት «ሆደ ባሻ ናት፣ አታስከፏት» ሲሉ ስለዚያው ምዕራፍ እያወሩ እንደሆነ የነገረው የለም። ይህ ያሳዝነኛል። በእንግሊዝኛ የተማርነውን ወደ እናት ቋንቋችን ቃላት ስንመልሰው ዕውቀቱ ይፈተናል፤ የጎደለውም ያን ጊዜ ይታያል።

የ1968ቱ ወጀብ

በ1968 ዋልተር ሚሸል የተባለ ሳይኮሎጂስት አንድ መጽሐፍ አሳተመና የትምህርት ዘርፉን አናወጠው። ሚሸል በቪየና ተወልዶ በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ከቤተሰቡ ጋር የተሰደደ ሰው ነው። ያቀረበው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ በመጠይቅ «ጠንቃቃ» የተባለ ሰው በተጨባጭ ሁኔታ ውስጥ ምን ያህል ጠንቃቃ ሆኖ ይገኛል? ዝምድናው ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ከ0.30 ብዙም እንደማያልፍ አሳየ። ይህም ማለት ስብእና ከሰዎች የአድራጎት ልዩነት ውስጥ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ነው።

ለክርክሩ ከጠቀሳቸው አንዱ ሃርትሾርንና ሜይ በ1920ዎቹ በብዙ ሺህ ሕፃናት ላይ ያደረጉት ጥናት ነው። ልጆቹ በክፍል፣ በቤት፣ በጨዋታ ሜዳ የማታለል ዕድል ተሰጣቸው። በፈተና የኮረጀው ልጅ በጨዋታ ላይ ሐቀኛ ሆኖ ተገኘ፤ በጨዋታ የዋሸው ገንዘብ አልነካም። «ሐቀኛ ልጅ» እና «አታላይ ልጅ» ብሎ መክፈል አስቸጋሪ ሆነ።

እኛ ይህን በተረት እናውቀዋለን፦ «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ»። በመሥሪያ ቤቱ እንደ አልጋ የሚመች ሰው ቤቱ ሲገባ እንደ ቀጋ ይወጋል። ታዲያ ይህ ሰው ደግ ነው ወይስ ክፉ?

ለሚሸል የተሰጡት መልሶች ኮርሱን አበለጸጉት። ሲሞር ኤፕስታይን በ1979 አንድን ቀን ብቻ ማየት ተማሪን በአንድ ጥያቄ እንደ መፈተን መሆኑን በሚያሳይ መንገድ ተከራከረ፤ የብዙ ቀናት አድራጎት በአማካይ ሲወሰድ የሰው ጠባይ ጎልቶ ይወጣል። ፈንደርና ኦዘር ደግሞ በ1983 የሁኔታን ኃይል አሳዩ የተባሉት ዝነኛ ሙከራዎች ውጤትም በዚያው መለኪያ ከ0.30 እስከ 0.40 አካባቢ መሆኑን አስልተው አሳዩ። ሁኔታም ስብእናም በተቀራራቢ ክብደት ይሠራሉ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ መልስ ግን የራሱ የሚሸል ነው። ከባልደረቦቹ ጋር በአንድ የክረምት ካምፕ ውስጥ የነበሩ ልጆችን ለሳምንታት ሰዓት በሰዓት አስጠና። ሁለት ልጆች በአማካይ እኩል ቁጡ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ የሚቆጣው እኩያው ሲነካው ነው፤ ሌላው አዋቂ ሲገሥጸው። ይህ «እንዲህ ሲሆን እንዲያ ይሆናል» የሚል መልክ በየልጁ ይደጋገማል። ሰውየው ያለው በአማካዩ ብቻ አይደለም፤ በሚለዋወጥበት ሥርዓት ውስጥም አለ።

ተማሪ ሳለሁ በዚህ ሳምንት የተሰጠን አሳይመንት ሕይወቴን ነካ። በደንብ የምታውቁትን አንድ ሰው ምረጡ፤ በአንድ ቃል ግለጹት፤ ከዚያ ቃሉ የታየበትን 20 አጋጣሚ፣ መታየት ሲገባውም ያልታየበትን ጻፉ ተባልን። እኔ አባቴን መረጥሁ። ቃሉ ለመምጣት ጊዜ አልፈጀም፦ ቁጡ።

አጋጣሚዎቹን መጻፍ ስጀምር ብዕሬ ተያዘ። ወንድሜ ስምንተኛ ክፍል ሲወድቅ አባቴ አልተቆጡም፤ ዝም ብለው ይዘውት ወጥተው ጫማ ገዙለት። ታናሽ እኅቴ የደሞዛቸውን ፖስታ ጥላ ስትመጣ «አንቺ ደህና ነሽ?» ብቻ ነው ያሉት። የጻፍኳቸው የቁጣ ቀናት በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ሰዓት ነበራቸው፦ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። አንዳችን ሳንገባ ከመሸ፣ ሰፈር እስኪሰማ ይጮኹ ነበር። ለ18 ዓመታት አብሬያቸው ስኖር ቃሉን አውቀው ነበር፤ ሰዓቱን ግን አላየሁትም።

እናቷን አይተህ

«ከማን ወጣ?» የሚለው ጥያቄም የግድ ይመጣል። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የሚል ሕዝብ መልስ አዘጋጅቷል ማለት ነው፤ ግን የትኛውን መልስ? ልጅቷ እናቷን የምትመስለው በደም ነው ወይስ እሷ ቤት ስላደገች?

ሁለቱን ለመለየት አንዱ መንገድ ተለያይተው ያደጉ መንትዮችን ማጥናት ነው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ቡሻርድ በ1979 በጀመረው ጥናት ከአንድ እንቁላል የተገኙ፣ በሕፃንነታቸው ተለያይተው በተለያየ ቤት ያደጉ መንትዮች በስብእናቸው አብረው ካደጉት ያላነሰ ተመሳሳይነት ታየባቸው። በዚህና በሌሎች ብዙ ጥናቶች መሠረት በሰዎች መካከል ካለው የስብእና ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘር ልዩነት ጋር ይያያዛል። ወላጆችን የሚያስደንቀው ደግሞ በአንድ ቤት ማደግ ብቻውን ወንድማማቾችን በስብእና ብዙም አለማመሳሰሉ ነው። አንድ ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ የተለያየ ቤት ነው፤ የበኩሩ ቤትና የመጨረሻው ቤት አንድ አይደሉም።

ይህ ቁጥር በቀላሉ ይጣመማል። «ግማሹ ቁጣዬ ከአባቴ ነው» ማለት አይቻልም። የከበሮ ድምፅ ይህን ያህሉ ከቆዳው፣ ይህን ያህሉ ከመቺው እጅ ነው ተብሎ አይከፈልም። ቁጥሩ የሚናገረው በብዙ ከበሮዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው፤ ስለ አንዱ ከበሮ አይደለም።

ዘር ዕጣ ፈንታ እንዳልሆነ የሚያሳየው ሌላው ማስረጃ ሰዎች መለወጣቸው ነው። ሮበርትስና ባልደረቦቹ በ2006 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ 92 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመለከቱ፣ በተለይ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ትጋትና የስሜት መረጋጋት በአማካይ እንደሚጨምሩ አገኙ። ሥራ መያዝ፣ ትዳር፣ ልጅ፣ ኃላፊነት ሰውን እንደሚያበስሉት እኛም እናውቃለን። «ወልዶ ሰከነ» የምንለው ሰው በሁላችንም ሰፈር አለ። ሆኖም ሁሉም አብሮ ሲሰክን ተራው ብዙም አይናወጥም፤ በ20 ዓመቱ ከእኩዮቹ ይልቅ ችኩል የነበረው በ40 ዓመቱም ከእነሱ ይልቅ ትንሽ ችኩል ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሦስቱ ደረጃዎች

ወደ ኮርሱ መጨረሻ ደርሰናል። ዳን ማክአዳምስ የተባለው ሳይኮሎጂስት በ1995 ባሳተመው ጽሑፍ አንድን ሰው አወቅሁት ስንል ምን ማወቃችን ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱን በሦስት ደረጃ አስቀመጠው። የመጀመሪያው የጠባይ ቃላት ናቸው፤ በባቡር አብሮን ለተጓዘ እንግዳ ሰው የምንሰጣቸው ዓይነት። ሁለተኛው ሰውየው የሚፈልገው፣ የሚፈራው፣ የሚታገልለት፣ በየሁኔታው የሚሆነው ነው። ሦስተኛው ሰው ስለ ራሱ ሕይወት በውስጡ የሚይዘው ታሪክ ነው፦ ከየት መጣሁ፣ ምን ሆንሁ፣ ለምን እዚህ ደረስሁ የሚለው።

በቀብር ሥነ ሥርዓታችን ላይ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የተወለዱበት ቦታ፣ የተማሩበት፣ የሠሩበት፣ የልጆቻቸው ቁጥር፤ ከዚያም «ደግ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ» ይባላል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ሦስተኛው ደረጃ የሚሰማው ማታ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ቡናውን ይዞ «አንድ ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ…» ማለት ሲጀምር ነው።

አሳይመንቱን ካስገባሁ በኋላ ወረቀቱን ይዤ ወደ እናቴ ሄድሁ። አባቴን በቀጥታ መጠየቅ አልደፈርሁም። «እማዬ፣ አባዬ ሲመሽ ለምንድን ነው እንዲያ የሚሆኑት?» አልኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። በደርግ ጊዜ፣ በሰዓት እላፊው ዘመን፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም አንድ ማታ «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። አባቴ በር ላይ ቆመው ጠብቀው አነጉ። ከዚያ ወዲያ ስሙን አንሥተው አያውቁም ነበር። እኔ አጎት እንደነበረኝ እንኳ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ቁጡ» የሚለው ቃል ውሸት አልነበረም። በመጠይቅ ቢመዘኑ አባቴ ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ግልፍተኛ ሆነው ይገኙ ይሆናል። ቃሉ ግን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔም አብሬው። ቀጣዩ ደረጃ ላይ ሰዓት ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ወንድሙን የሚጠብቅ ወጣት ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ አልተለወጡም። እኔ ግን እንደሚመሽብኝ ካወቅሁ አስቀድሜ ስልክ መደወል ጀመርሁ። «አባዬ፣ እቆያለሁ፤ ከእንትና ጋር ነኝ፤ በሦስት ሰዓት እገባለሁ።» በስልኩ ወዲያ ጫፍ ትንሽ ዝም ይሉና «እሺ ልጄ፣ በሩን አልቆልፈውም» ይሉኝ ነበር።